ጥግሽ ይበቃኛል

ከብስክሌት ጠጋኙ ሱቅ ሥር፣ ደረጃውን ቁልቁል ወርደን፣
ልደትን ልናከብር ገባን፣ ጫማችንን ከደጅ ደርድረን።
ማክሰኞ ነው። ለቴል አቪቭ የሥራ ቀን፣ ተራ ቀን።
የቆሻሻው መኪና ያጓራል፣ አውቶቡሱ በላያችን ያልፋል፤
ባለፈ ቁጥር ጣራው ከነመብራቱ ይርገፈገፋል።
ግማሻችን ከሌሊት ፈረቃ ነን፤ እጃችን በረኪና ይሸታል፤
ዘርትሁን፣ የሰው አሮጊት ስታነሣ ስታስተኛ ያደረችው፣
ቆማ ታንቀላፋለች፤ መቋሚያው ደግፏታል።

ቀሲስ ኅሩይ ወንጌሉን ዘጉ። መነጽራቸውን በካባው ጠረጉና፣
«ዮሴፍ በር እያንኳኳ ዞረ» አሉ። ዝም አሉ። ዝም አሉና፣
ስንቱ ታክሲ፣ ስንቱ ሠርግ ያደከመውን ዘፈን አነሡና
ያለ ዜማ፣ እንደ ዳዊት ደገሙት፣ ቀስ አድርገው፦

    «ክፈቺልኝ በሩን፣ ሰማይ ጠቁሯልና፣
    ጥግሽ ይበቃኛል፣ አልጋ አልልምና።»

የሴቶቹ ወገን ሳቁን በነጠላው ጫፍ ዋጠ፤
የከበሮው ልጅ ጣቱን ሳያዘው ቆዳውን መትቶ ደነገጠ።
አቶ ዘውገ መቋሚያቸውን ሲሚንቶው ላይ መቱ፦
«ዘፋኝነት እኮ በገላትያ ከስካር ጋር ነው ሥፍራው፣ ቤቱ!
ዛሬ ዘፈን፣ ነገ ውስኪ። ያውም በጌታ ልደት? በስንቱ
እንቃጠል አባቴ?»

ቀሲስ አልተቆጡም። «ሰሙ ሴት ናት» አሉ፣ «ወርቁ ቤተ ልሔም።
ገጣሚውን አላውቀውም፤ እሱም ያለውን አያውቀው ይሆናል፣ ግድ የለም።
ጥግ ብቻ ለምኖ በረት የተሰጠው አንድ ጌታ ነው፣ ሌላ የለም።
ብኔ ብራቅ ለቪዛ የተሰለፈ ሰው
ይህን ለመተርጎም መምህር አያሻውም።»

ገጣሚው ከምሰሶው ኋላ ነበር።
እኔ ነኝ።

በዚህ ከተማ ሳሕን አጣቢ ነኝ፤ የፊቱን ማንም አልጠየቀኝም።
ቅዳሜ ማታ ከማዶው ግሮሰሪ ሲዘፈን ስሰማው፣
እንደ ካድኩት ልጅ አንገቴን ደፍቼ ነው የማልፈው።

ዐሥራ ስድስት ዓመት አለፈው። ቀበና ነው፣ ሐምሌ፣ ማታ፤
ፍቅር አልነበረም ነገሩ፤ የሁለት ወር ኪራይ ነው፣
በሬ ላይ አዲስ ጓጉንቸር፣ ልብሴ በፌስታል ተቋጥራ ወጥታ።
እትዬ አልጋነሽ ነው የአከራዬ ስም፤ «አልጋ አልልም»ን ያመጣት ስሟ ነው፤
ተረቤን ግን አልሰማችም፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲወቅጠው።
ቤቱን አልከፈተችም። የከሰል ቤቱን ከፈተች፤ ከጆንያው ጎን፣
ለእንቁጣጣሽ ከምታደልበው በግ ጋር ትንፋሽ ስንጋራ አደርን።
(በጉን ለቀሲስ ብነግራቸው አያምኑኝም፤
ለስብከት የፈጠርኩት ይመስላቸዋል።)
ግጥሙን ዘፋኙ በሦስት መቶ ብር ገዛኝ፤ አንዱን ወር ከፈልኩበት፤
ሌላው ወር እስከ ዛሬ አለብኝ።
አልጋነሽ ካለች፣ ዘፈኑን ትወደው ይሆናል፣ ሳታውቅበት።

እንግዲህ ሊቁ ወርቁን አገኙት፣ ሳይቆፍሩ፣ ሳይለፉ።
ውስጠ ወይራው ግን ትናንት ማታ ነው፤ ከመተኛቴ በፊት፣
ከኤይላት የመጣው ግርማጽዮን ደወለ፦
«ሆቴሉ አሰናበተኝ። ጣቢያው ጋ ነኝ። አንድ ሌሊት ብቻ፣ ወንድሜ።»
«አምስት ነን» አልኩት፣ «ባለቤቱ ይቆጥረናል» አልኩት፣ ደግሜ ደጋግሜ።
ሰማዩ ጠቁሮ ነበር። አይቻለሁ። ከመስኮቱ ቆሜ።

ሕዝቡ ወጣ። የአቶ ዘውገና የቀሲስ ክርክር ደረጃው ላይ ገና ይጦፋል፤
አንድ እግሬን ጫማ ውስጥ ከትቼ ደወልኩ። ይጠራል።
አውቶቡሱ በላዬ አለፈ፤ አንሥቶ እንደሆን አልሰማሁም።
«ጥግ አለኝ» አልኩ፣ ለጥሪው፣ ለጣራው።
«አልጋ አልልም።»